የአህዮቹ ጆሮ

ጥሩሰው ሌሊቱን አልተኛም፤ አሁን ግን ነግቷል፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ እንደ ሽምብራ ተበትኗል፣ እሱም እንደ ልማዱ በጀርባው ተጋድሞ ስም መጥራት ጀምሯል። ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሳ ይጸልያል፣ ወይ ሬዲዮ ይከፍታል፤ ጥሩሰው የድምፆችን ስም ይጠራል፣ እንደ ክፍል አለቃ። የመስጊዱ አዛን? አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል? አለ። የአከራዩ የኦቦ ባጫ አውራ ዶሮ፣ ያ ሁለት ጊዜ ጮኾ ሦስተኛውን የሚረሳው? አለ። ቀጥሎ ተራው የታክሲ ረዳቶቹ ነበር፤ ከዋናው መንገድ «ዓለምገና፣ ጀሞ፣ ዓለምገና፣ ጀሞ» የሚሉት። የሉም። የፋብሪካው ፊሽካ? የለም። ወደ ጅማ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች፣ ሲያልፉ መደርደሪያው ላይ ያለውን ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጡት? የሉም። ሁለተኛ ጠራቸው፣ አሁንም የሉም። ታኅሣሥ ነው፣ ሁለት ሺህ ስምንት፤ ማስተር ፕላኑ የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ አገሩ ከተነሳ ሳምንታት አልፈዋል፣ ትናንት ደግሞ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ለሌላው ሰው ይህ ዝምታ ነው። ለጥሩሰው ግን ዝምታ የሚባል ነገር የለም፤ እውነተኞቹ ድምፆች ሲቀሩ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ አለ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ ሻለቃው።

ሻለቃው ሰው አይደለም፣ ድምፅ ነው። ጥሩሰው በሃያ ስምንት ዓመቱ ከወረኢሉ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ፣ በማሠልጠኛው ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ሳለ ከውጭ ስሙን ሲጠራው ሰማ፣ ወጥቶ ቢያይ ጨረቃ ብቻ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተለያዩም። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ጥሩሰው ወደ አገሩ የሚሄድ መስሎት በተቃራኒው መንገድ ተጓዘ፣ ሰበታ ላይ እግሩ ደከመ፣ ለአንድ ሳምንት ብሎ ተቀመጠ፣ ያ ሳምንት ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ስደት የግድ ባሕር መሻገር አይደለም፤ ከቀበሌ የሚመጣለት ወረቀት በማያነበው ፊደል፣ በግማሽ በሚሰማው ቋንቋ ተጽፎ ይመጣል፣ ኦቦ ባጫ ያነቡለታል፣ አገርህ የት ነው የሚለው ሰው በየዓመቱ አይጠፋም፣ እሱም ወረኢሉ ይላል፣ ሲል ግን ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለዋል። ሐኪሙ ለሕመሙ የሰጠው ስም ስኪዞፍሬኒያ ነው። ረጅም ስም ነው፤ ጥሩሰው «ሻለቃው» ማለት ይቀለዋል። በወጣትነታቸው ሻለቃው ሲናገር ግድግዳ የሚሰነጠቅ ይመስል ነበር፣ ውጣ ሲለው ይወጣል፣ ተደበቅ ሲለው ይደበቃል። አሁን ግን ጥሩሰው ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ግፊት አለብህ ተብሏል፣ እጁ ከመድኃኒቱ የተነሳ ይንቀጠቀጣል፣ እና የሚገርመው ነገር ሻለቃውም አብሮት አርጅቷል። ያስለዋል። የጀመረውን ትእዛዝ መሐል ላይ ይረሳል። አንዳንድ ቀን አንድ ተረት ሰባት ጊዜ ይደጋግማል፣ ጡረታ እንደ ወጣ ሰው በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይነቅፋል። እንደዚህ ባለ ቀን ግን፣ መንገድ በተዘጋና እውነተኛው ድምፅ በጠፋ ቀን፣ የድሮው ጉልበቱ ይመለስለታል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። በየአራት ሳምንቱ ሐሙስ ጥሩሰው ዓለምገና ጤና ጣቢያ ሄዶ መርፌ ይወጋል፤ ሻለቃውን በር ላይ አስቀምጦ የያዘው ያ መርፌ ነው። እና ትናንት እህቱ ሸዋነሽ ከወረኢሉ ደውላለች፣ ድምጿ አሁንም ጆሮው ውስጥ አለ፣ እውነተኛ ድምፅ ነው፣ ስልኩ ላይ ስሟን አይቶ ነው የመለሰላት።

«ጋሼ፣ ልጄ ወንዲ አይሱዙውን ይዞ ደሴ ነው ያለው። መንገዱ እንደተከፈተ መጥቶ ይውሰድህ።»

«የት ነው የሚወስደኝ?»

«ወደ እኔ ነዋ። በዚያ ረብሻ ውስጥ ብቻህን...»

«ብቻዬን አይደለሁም።»

«መርፌው ቢያልፍህስ? በዘጠና ሰባት አላለፈህም?»

ሸዋነሽ ቀስ ብላ «ነገ በቀንህ ከተወጋህ ወንዲን አልልክም። ካለፈህ ግን ይመጣል። በእማዬ አጥንት ነው የምልህ» አለችው።

በዘጠና ሰባትም መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሁለት መርፌ አለፈው። ሻለቃው የኦቦ ባጫ ድንች ማሳ ውስጥ ፈንጂ ተቀብሯል አለው፣ ጥሩሰውም ለልጆቻቸው አዝኖ በባዶ እጁ ሦስት ቀን ሙሉ ማሳውን ቆፈረ፣ ገና ያልደረሰውን ድንች አንድ በአንድ እያወጣ እንደ ፈንጂ በጥንቃቄ ደረደረው። ሸዋነሽ መጥታ ወሰደችው። ወረኢሉ ውስጥ መርፌ የለም ነበር፣ ምሰሶ ግን ነበር፣ ጓዳዋ ውስጥ ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት ዘጠኝ ወር ተቀመጠ። በክፋት አልነበረም፤ እያለቀሰች ነው የምታስረው፣ ሰንሰለቱ እንዳይልጠው በሻሿ ትጠቀልለዋለች። በአሥረኛው ወር ደሴ ወስደው መርፌውን እንደገና ሲያስጀምሩት ልቡ ተመለሰ፣ ልቡ ሲመለስ እግሩም ወደ ሰበታ ተመለሰ፣ ኦቦ ባጫ ክፍሉን ሳያከራዩ ጠብቀውታል። አሁን የተቀደደ ጀሪካንና ሳፋ በጋለ ብረት እየደፈነ ያድራል፣ ደንበኞች አሉት፣ ቁልፍ አለው፣ በሩን ከውስጥ የሚዘጋው እሱ ነው። በሩን ከውጭ የሚዘጋ ሰው ያለበት ቤት ዳግመኛ መግባት አይችልም፤ በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ ምሰሶ አይችልም።

የሚያስፈራው ግን ምሰሶው ብቻ አልነበረም፣ ራሱም ነበር። የሌለውን ማመን አንድ ነገር ነው፣ ያለውን መካድ ደግሞ ሌላ። በሰማንያ ስድስት እናቱ ሞተች የሚል ደብዳቤ ደረሰው፣ ሻለቃው «ማጥመጃ ነው፣ እንዳትሄድ» አለው፣ አልሄደም። እናቱ ግን እውነት ሞታ ነበር። ያለ እሱ ተቀበረች። እንግዲህ አንድ ጊዜ ሐሰቱን አምኖ ድንች ቆፈረ፣ አንድ ጊዜ እውነቱን ክዶ እናቱን ሳይቀብር ቀረ፤ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ብቻውን በዚያ መንገድ ወጥቶ እውነቱን ከሐሰቱ በምን ይለያል? ተነሳ። ጫማውን አሠረ። የጤና ጣቢያውን ካርድ ደረት ኪሱ ከተተና ወጣ።

ግቢው ውስጥ ተረፈች ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ተረፈች ዓይነ ስውር ናት፣ ዕድሜዋ ከእሱ ብዙ አይርቅም፤ የተወለደችው ተጂ ነው፣ በልጅነቷ እዚህ ሰበታ ወደ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አምጥተዋት በዚያው ቀረች። ኮቴውን ሰምታ ቀና አለች።

«ጥሩሰው፣ ዛሬ የስም ጥሪው አጠረ መሰለኝ።»

«ግማሹ ክፍል ቀርቷል፣ ተሬ።»

«ቢቀርስ። መምህሩ ከመጣ ይበቃል።»

ከዘጠና ሰባቱ መዘዝ በኋላ ወደ ግቢው ሲመለስ ነው የተዋወቁት። አንድ ቀን ከክፍሉ ወጥቶ፣ አፍሮ፣ ጣሪያው ላይ ሰው ይጠራኛል፣ አንቺም ሰማሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አልሳቀችም። ቀና ብላ አዳመጠችና «የለም» አለችው፣ ቀጥላም «እኔ የሌለኝ ዓይን ነው እንጂ ጆሮዬስ ለሁለት ሰው ይበቃል። አንተ ያየኸውን ንገረኝ፣ እኔ የሰማሁትን እነግርሃለሁ። መዋሸት ግን የለም» አለች። አሥር ዓመት በዚህ ውል ኖሩ። እሱ «ሰማሽ?» ይላል፣ እሷ «ሰማሁ» ወይም «አልሰማሁም» ትላለች፣ አልሰማሁም ካለች ድምፁ የሻለቃው ነው፣ ያልፋል። እሷ ደግሞ ሹራብ በጨረሰች ቁጥር ታሳየዋለች፣ እሱም ውሉን አክብሮ «የግራው እጅጌ በሁለት ጣት ይረዝማል» ይላታል፣ ትቆጣለች፣ ትተረትራለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

ኦቦ ባጫ በአጥሩ ጥግ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ወደ መንገዱ ያያሉ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ድሮ ገበሬ ነበሩ፣ የድንች ማሳቸው አሁን ፋብሪካ አጥር ውስጥ ነው። አንዳንዴ ሲቀልዱ «አንተ ስትቆፍር ተቆጣሁ፣ ለካ አንተስ መሬቱን ትተህልኝ ነበር» ይሉታል።

«አካም ቡልቴ፣ ጥሩሰው?» አሉት፣ እንዴት አደርክ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ ባጫ። እንዴት አደሩ?»

«ቡራዩ ተዘግቷል፣ ሱሉልታም ተዘግቷል ይላሉ። ከዚህ ወዲያ የሚሄድ መኪና የለም።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ። ሐሙስ መሆኑን ከአንተ ሌላ የሚያውቅ ባይኖር እኔ አለሁ» አሉና ተነሡ፣ ወገባቸውን ይዘው ወደ ውሃ መውረጃው ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ። «መንገድ ቢዘጋ እግር አልተዘጋም። ልጆቹ ልጆቻችን ናቸው፣ የተቆጡትም በአንተ አይደለም፤ አባታቸው የተነቀለ ልጅ ምን ይሁን? ግን የተቆጣ ሰው ሳያይ ይወረውራል። ይህን በእጅህ ያዝ። በእኛ እርጥብ ሣር የያዘን ሰው ማንም አይነካውም።»

ተረፈች ሹራቧን ጠቅልላ ተነሣች። «ለእኔም ይንጩልኝ፣ ኦቦ።»

«አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ?»

«ጆሮውን ቤት ጥሎ ሊሄድ ነው እንዴ?»

እና ይሄዳሉ። እሷ በግራ ክንዱ ተይዛ፣ እሱ በቀኝ እጁ ሣሩን ይዞ፣ መኪና የሌለበት የጅማ መንገድ እንደ ደረቀ ወንዝ ሰፍቶ ተዘርግቶላቸዋል፣ በግራና በቀኝ የተከመረ ጤፍ ይታያል፣ አጭዶ የጨረሰ ሰው ግን ሊወቃ አልወጣም። ድንጋይ አለ፣ ወደ ግራ፣ ይላታል። ጎድጓዳ አለ፣ እግርሽን አንሺ። የተቃጠለ ጎማ ነው፣ አይ፣ አይጨስም፣ በርዷል። ሻለቃው ከኋላ ኋላ ይከተላል። ድንጋዮቹ ቁጥር አላቸው ይላል፣ አሥራ ሁለተኛውን ስታልፍ ይይዙሃል ይላል፣ አሥራ ሁለተኛው የትኛው እንደሆነ ግን እሱም አላወቀውም፣ ከአንድ ጀመረ፣ ሰባት ላይ ሳለው፣ ደግሞ ከአንድ ጀመረ። ጥሩሰው ለእናቱ ሊነግራት ፈለገ፣ እማዬ፣ የመርዶሽ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፣ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የመለሰው ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ እናቱ እንደሌለች አስታወሰ፣ ክንዱ ላይ ያለው እጅ የተረፈች ነው፣ «ምን ታያለህ?» ትለዋለች። «ሰዎች» አላት። «ብዙ ናቸው። ወጣቶች።»

ወጣቶቹ ትልቅ የድንጋይ ክምር አጠገብ ቆመው ነበር። ቀይ ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳ ወደ እነሱ መጣ።

«ፋዘር፣ ወዴት ነው?»

ተረፈች ቀደመችው። «ያ ኢልማ ኮ፣ አካም ጂርታ?» አለችው፣ ልጄ ሆይ እንደምን አለህ። «ጤና ጣቢያ ነን።»

ጎረምሳው ቋንቋውን ሲሰማ ትከሻው ወረደ፣ ሣሩንም አየ። «ማንን ነው ያመመው?»

«እሱን። እኔ ዓይኔ ብቻ ነው።»

«ምንዎን ነው ያመመዎት፣ ፋዘር?»

እንዳትናገር አለ ሻለቃው፣ ምስጢር ነው፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጥሩሰው ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለጠየቀው ሁሉ «ራሴን ነው» ሲል ኖሯል፣ ራስ ምታት እንዲመስላቸው። ዛሬ ግን ክንዱ ላይ ያለው እጅ ሞቅ ብሎታል። «ሰው የማይሰማውን እሰማለሁ» አለ። «በየወሩ መርፌ አለኝ። ዛሬ ነው ቀኑ።»

ጎረምሳው አየው፣ ጓደኞቹን ዞሮ አየ፣ ሳቅ አለ፣ በክፋት አልነበረም። «እኛ እኮ የሚሰማን አጥተን ነው መንገድ የዘጋነው። አንቱ ሁሉን ይሰማሉ፣ መንግሥት ምንም አይሰማም። ብትካፈሉት ጥሩ ነበር።» ጎንበስ አለና ተረፈች የምትረግጥበት ላይ ያለውን ድንጋይ በእጁ አነሣላት።

ከክምሩ ካለፉ ወዲያ መንገዱ ባዶ ነው። በስተግራ የባሕር ዛፍ ኮረብታ አለ፣ በስተቀኝ በኩል ጭድ የተጫኑ ሦስት አህዮች ባለቤታቸው ትቷቸው የመንገዱን ዳር ይግጣሉ። እና እዚያ ላይ ሰማው። ሁለት ጊዜ፣ ጣውላ በጣውላ ላይ እንደሚወድቅ። ቆመ።

«ሰማሽ?»

ተረፈች ቶሎ አልመለሰችም። «አልሰማሁም» አለች ከዚያ።

«ተኩስ ነው» አለ ሻለቃው። «ተኛ።»

ጥሩሰው መራመድ ጀመረ፣ ውል ውል ነው፣ አልሰማሁም ካለች የለም፣ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ግን ጣቶቿ ክንዱን ጨምቀውታል፣ ለምን ይጨምቁታል፣ ሦስት እርምጃ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ዋሽታው አታውቅም፣ ሻለቃው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እውነት ተናግሮ አያውቅም፣ እና አሁን በሁለቱ መካከል ቆሟል፣ ልክ ያን ደብዳቤ ይዞ እንደ ቆመበት ቀን፣ ልክ የመጀመሪያውን ድንች እንዳወጣበት ቀን፣ የሚጠይቀው ሦስተኛ ሰው የለም። ያኔ አህዮቹን አየ። መጋጥ አቁመዋል። የሦስቱም ራስ ቀና ብሏል፣ ስድስቱም ጆሮዎች፣ በአንድ ጊዜ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ኮረብታ ዞረዋል። ሻለቃው ስንት ነገር አድርጓል፣ ሰው አስርቧል፣ ሰው አሳስሯል፣ እናትን ያለ ልጇ አስቀብሯል፤ አንድም የአህያ ጆሮ ግን አዙሮ አያውቅም።

«ቦይ ውስጥ» አለ ጥሩሰው። ድምፁ የራሱ ነበር። ተረፈችን በሁለት እጁ አቅፎ ከመንገዱ ወርዶ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ከጎኗ ተጋደመ፣ ጉልበቱ ተንቋቋ። ደግሞ ተተኮሰ። ከኮረብታው ጫፍ ሰው እንደ ጎርፍ እየሮጠ ወረደ፣ ቆመውበት የነበረውን ቦታ ረጋግጦት አለፈ፣ ከኋላ መኪና እያጓራ መጣ፣ አለፈ፣ አቧራው ላያቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ሁሉም ራቀ።

«ዋሸሽኝ» አላት።

«ዋሸሁህ።»

«መዋሸት የለም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ተኩስ ነው ብልህ የምትታመምብኝ መሰለኝ።» አቧራውን ከፊቷ ጠረገች። «ትናንት ከእህትህ ጋር ስታወራ በግድግዳው ሰምቻለሁ። ወንዲ መጥቶ የሚወስድህ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ስም ጥሪህን የማልሰማ... ለራሴ ነው የዋሸሁት፣ ጥሩሰው። ልታስገድለኝ ነበር በለኝ፣ እውነትህን ነው።»

ሊቆጣ አሰበ፣ ቁጣው የሚገባውም ነበር፣ ፈለገው፣ አጣው። በቦታው ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ቦዩ ውስጥ፣ አፉ አቧራ ሞልቶ፣ ቀስ ብሎ ገባው፤ እሷ ዋሽታው፣ ሻለቃው ጮኾበት፣ ሁለቱንም ሳይሰማ፣ ዓይን አይቶ ልብ ፈረደ፣ የራሱ ዓይን፣ የራሱ ልብ። አሥር ዓመት ሙሉ ከእሷ የተዋሰው የመሰለው ነገር ለካ ኪሱ ውስጥ ነበር። ልጅ እያለ ቢሆን አይችለውም፤ ሠላሳ ዓመት በየጠዋቱ ድምፅ እየቆጠረ ያረጀ ሰው ነው የአህያ ጆሮ ማየት የሚያውቀው። ሳቁ መጣ። ሆዱን እስኪያመው ሳቀ።

«አመመህ?» አለች ተረፈች ደንግጣ።

«አህዮቹ ሰሙ፣ ተሬ» አላት እንባውን እየጠረገ። «አንቺ አልሰማሁም ስትይ አህዮቹ ሰሙ።» ምን እንዳየ ነገራት። አዳመጠች፣ ከዚያ እሷም ሳቋ አመለጣት። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አህያ ግዛ» አለች።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ግቢው ሰው ሞልቷል። ሲስተር ፈቲያ፣ መርፌውን ስትወጋው ስምንተኛ ዓመቷ ነው፣ እጅጌዋ ላይ ደም አለ፤ ስታየው ለቅጽበት ቆመች።

«ጋሼ ጥሩሰው፣ ዛሬም መጡ?»

«ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ ነው ይለኛል በዚህ ቀን» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ይጠብቁኛል። ቁስለኛ አለብኝ። እስከዚያ ይህንን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ፣ መስቀያው ሁሉ ተይዟል።» የግሉኮስ ላስቲክ እጁ ላይ አኖረችለት። ቱቦው ወለሉ ላይ በፍራሽ ወደተኛ ጎረምሳ ክንድ ይወርዳል፣ ባቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ደረቱ ላይ ቀይ ኮፍያ ተቀምጧል። መንገዱ ላይ ተመትቶ ጓደኞቹ በሩጫ ተሸክመውት ቀድመዋቸው ደርሰዋል፤ የጠዋት ሳቁ የለም፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ጥሩሰው እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ግሉኮሱ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ።

«ፋዘር» አለ ልጁ ዓይኑን ከፍቶ፣ «እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»

«ሃያ ዓመቱ ነው። ጥሎ አያውቅም።»

ልጁ ፈገግ ሊል ሞከረ። «አሁን ምን ይሰማሉ?»

ጥሩሰው አዳመጠ። ሻለቃው አንድ ነገር ይላል፣ ሩቅ ነው፣ ከአጥር ውጭ። «አንተ ስትተነፍስ እሰማለሁ» አለው። «ደህና ነው። ቀጥል።» አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆመ። ክንዱ ዛለ፣ ወደ ሌላው እጁ አዛወረው፣ ያም ዛለ፣ መልሶ አዛወረው። ተረፈች የልጁን እጅ ይዛ በኦሮምኛ ስለ ተጂ ታወራዋለች፣ እናቱን ታውቃት እንደሆነ እየጠየቀች። ሐኪሙ መጥቶ እግሩ ይተርፋል ሲል፣ ጥሩሰው ግሉኮሱን እስኪቀበሉት ድረስ አላወረደም።

ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ። መርፌው እንደ ሁልጊዜው ወፍራም ነው፣ መድኃኒቱ ቅባት ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ያማል። ሲስተር ፈቲያ ካርዱ ላይ ቀኑን ጻፈች፤ በረድፉ ውስጥ አንድም የተዘለለ ቦታ የለም፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከጀርባውም እንደዚያው። «ይህን ካርድ ፍሬም አስገብቼ እዚህ ብሰቅለው» አለች። «በመኪና የሚመጡት እንኳን ይቀራሉ።»

በር ላይ ሲወጡ ስልኩ ጮኸ። ሸዋነሽ ናት፣ እያለቀሰች።

«ጋሼ፣ ሰበታ ተቃጥላ አለቀች ይላሉ። ሰው አልተረፈም ይላሉ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሁሉም ነዋ።»

«ሁሉም ማን ይባላል?»

«የጎረቤቴ ልጅ ስልኩ ላይ አይቶ...»

«እሱ ቦታው ላይ ነበር?»

«አልነበረም። እሱም ከሰው ነው የሰማው።»

«እንግዲያው ድምፅ ነው፣ ሸዋዬ» አላት። ለሻለቃው ስንት ዓመት ሲያቀርብ የኖረውን ጥያቄ ነው የጠየቃት። «ብዙ ሰው ስለሰማው እውነት አይሆንም። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። መንገዱ ተዘግቷል። ተኩስ ነበር፣ ሰው ቆስሏል፣ አንዱን አጠገቡ ቆሜ አይቼዋለሁ፣ ይድናል። ሰበታ ጠዋት ትቻት ስመጣ በቦታዋ ነበረች። እኔም ቆሜያለሁ። ተወግቻለሁ።»

«ተወጋህ? በምን ሄደህ?»

«በእግሬ።»

«ሲተኮስ እንዴት ተረፍክ?»

«አህዮቹ ነገሩኝ።»

ጥሩሰው ያለው ነገር ምን እንደሚመስል ዘግይቶ ገባው፤ ተረፈች ጎኑን በክርኗ ወጋችው። «ጆሯቸው ሲዞር አይቼ ማለቴ ነው» አለ ፈጥኖ፣ እና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳት፣ ተረፈች እንዴት እንደዋሸች፣ ሻለቃው ምን እንዳለ፣ እሱ ምን እንዳየ። ሸዋነሽ ስትናገር ድምጿ የልጅነቷ ድምፅ ነበር፣ ከኋላው እየሮጠች «ጋሼ ጠብቀኝ» ስትለው የነበረው።

«ወንዲን አትምጣ ልበለው?»

«በይው። መንገዱ ሲከፈት እኔ እመጣለሁ። የእማዬን መቃብር ታሳይኛለሽ። በራሴ እግር እመጣለሁ፣ በራሴ እግር እመለሳለሁ።»

«ጋሼ» አለች ሸዋነሽ። «ምሰሶው እኮ አሁን የለም። ቤቱን ሳሳድስ አስነቅየዋለሁ። ልነግርህ አፍሬ ነው።»

በመመለሻው መንገድ አህዮቹ አሁንም አሉ፣ ይግጣሉ። ጥሩሰው ኪሱ ውስጥ ጠውልጎ የቀረውን ሣር ለአንዷ ሰጣት።

ሲነጋ ተኝቶ ነበር፣ ዶሮው ነው የቀሰቀሰው፣ ሁለት ጊዜ ጮኾ ሦስተኛውን ረሳ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ተበትኗል። መንገዱ ገና አልተከፈተም፣ ረዳቶቹ የሉም፣ ፊሽካው የለም፣ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል። እሱ ግን በጀርባው ተጋድሞ፣ ሳይቸኩል፣ ስም መጥራት ይጀምራል። አዛን? አለ። ደወል? አለ። በግድግዳው ማዶ የሹራብ ዘንግ ከዘንግ ጋር ሲነካካ ይሰማል። ተረፈች? አለች። ከበር ውጭ አንድ ሽማግሌ ያስለዋል፣ ያልጠረጠረ ይላል፣ ቀሪውን ይረሳል። ሻለቃው? እሱም አለ፣ ከኋላ ይቀመጥ። እና በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የተረሳ ስም ትዝ አለው፣ የክፍል አለቃ የራሱን ስም መጥራት ይረሳልና፣ ጮክ ብሎ፣ ግድግዳው ማዶ እስኪሰማ ድረስ ጠራው።

«ጥሩሰው?»

«አለ።»